ትምህርት በነጻ ነው ሲባል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ማኅበራችን እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ የመንግሥት ፖሊሲ ትምህርትን፣ ድኽነትንና የኑሮ ልዩነትን እንዴት እንደሚነካ የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለ ድኽነት በጠቅላላው መናገር ቀላል መሆኑን እናውቃለን፤ በጠቅላላው የተነገረውን ማንም አይቃወመውምና። ስለዚህ ነገሩን አጥብበን፣ ብዙዎቻችን ያደግንበትንና ዛሬም በታክሲ ተሰልፈን የምንመጣበትን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ይዘን ለመናገር ወስነናል።

ሰፈሩን ለማያውቀው ጥቂት እንበል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በቀድሞ ዘመን በዚያ ከተተከለው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ሕዝቡ ሽቦ ሳይዘረጋ ወሬ በነፋስ ሲያልፍ አየና «ንፋስ ስልክ» አለው። (ለሳይንስ ቃል የአማርኛ ስም ለማውጣት ኮሚቴ የሚሰበስቡ ሰዎች ከዚህ ቢማሩ ባልከፋ።) ክፍለ ከተማው የተዋቀረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ነው። በደብረ ዘይት መንገድ በኩል ጎተራና ሳሪስ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈሮች ናቸው። ከዚያ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም እያለ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። በብሥራተ ገብርኤል ግድም ዘበኛ ያለበት ቪላ ይታያል፤ በፉሪ ጠረፍ ደግሞ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ የሚኖር የቀን ሠራተኛ አለ። ሁሉም የአንድ ክፍለ ከተማ ሰዎች ናቸው።

በማለዳ ጀሞ ላይ የቆመ ሰው የፖሊሲ ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልገውም። የግል ትምህርት ቤት ልጆችን የጫኑ ሰርቪሶች አንድ ባንድ ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ቦርሳውን አንግቶ፣ ታናሹን እጁን ይዞ፣ በእግሩ ይሄዳል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው የባለቤት ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የተከራይ። ማታ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ፈተናው አንድ ነው፣ ጥያቄውም የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።

ይህ ልዩነት ከሰማይ አልወረደም፤ ዛሬም አልተጀመረም። እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

በ1940 ዓ.ም. ለትምህርት ማስፋፊያ ተብሎ በመሬት ላይ ግብር ተጣለ። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ እንደ መሆኑ የግብሩ ሸክም የወደቀው በእርሱ ጫንቃ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን በብዛት የተሠራው በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ የባላገሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ አባቱ የከተማውን ልጅ ያስተምር ነበር ማለት ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ፣ ያለ ክፍያና በግዴታ እንዲሰጥ ዕቅድ አወጣ። በዚያ ጉባኤ ላይ አስተናጋጇ አገር በተማሪ ቁጥር ከብዙዎቹ እንግዶቿ ኋላ መቅረቷ ታየ። ነጻነቷን ጠብቃ የኖረች አገር ትናንት ከቅኝ ግዛት ከወጡት አነሰች ተብሎ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ተቆጭቷል።

የዚያን ዘመን ተማሪዎች ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለማኞችና ቤት የለሾች ከየመንገዱ እየተለቀሙ በሾላ ካምፕ ታጉረው መኖራቸውን ሲሰሙ፣ ድኻ መሆን ወንጀል ነው ወይ ብለው ሰልፍ አደረጉ። እኛ የመጀመሪያውን ሰልፍ ሁልጊዜ እናነሣለን፤ ሁለተኛውን ግን እንረሳዋለን። ሆኖም ዛሬ ለምንነጋገርበት ጉዳይ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ድኻውን ከዓይን ማራቅና ድኽነትን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሳየ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልናቆይባችሁ የምንፈልገው በ1964 ዓ.ም. ተጠናቆ በነበረው «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በዓለም ባንክ ድጋፍ ነው። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ የመንግሥት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ይህን ጥቂት ገንዘብ ጥቂት ልጆችን እስከ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከማዋል ይልቅ ለብዙዎች የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንስጥ፤ ከዚያ በላይ የሚቀጥሉት ጥቂት ይሁኑ፤ የቀሩት በእርሻና በእጅ ሥራ ይሰማሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ትምህርትን ወደ ገጠር ለማድረስ የታሰበበት ነበር። ነገር ግን ወላጅ ዕቅዱን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ በ4ኛ ክፍል የሚቆመው የማን ልጅ ነው? የሚኒስትሩ ልጅ እንደማይሆን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። መምህሩም ደመወዙ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ ዕቅድ ሆኖ አገኘው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የነዳጅ ዋጋ የተጨመረባቸው ታክሲ ነጂዎችም አቆሙ። ዕቅዱ ተነሣ፤ በዚያው ወር የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የትምህርት ፖሊሲ መንግሥት ያናውጣል ሲባል ማጋነን የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ወር ያስብ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀምሮ፣ ከአማርኛ ሌላ በብዙ ቋንቋዎች፣ ሚሊዮኖች ፊደል እንዲቆጥሩ አደረገ፤ በዩኔስኮም ተሸለመ። ይኸው መንግሥት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተማሪን በየአደባባዩ እንደ ገደለ አንረሳም። ያም ሆኖ እናቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ዘመቻ ከሆነ፣ ይህንንም መመስከር ይገባል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ክፍያን አስቀረ። ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ተከፈቱ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ። የሴቶች ልጆች ቁጥር እንደዚያ ጊዜ በፍጥነት ያደገበት ዘመን የለም። ይህን መካድ ከንቱ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፤ በሩ ሰፋ፣ በውስጡ የሚሰጠው ግን ሳሳ። በ1997 ዓ.ም. ግድም መምህር ሲጠፋ በሳተላይት የሚተላለፍ የ«ፕላዝማ» ትምህርት በየክፍሉ ተሰቀለ። በፕላዝማ የተማሩ ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን አስተማሪው ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይሰማ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርሱም ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ እንዳስታወቀው ከ10 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ8 የማያንሱት ከደረጃ በታች ነበሩ።

እንግዲህ «ነጻ» ወደሚባለው እንመለስ።

ሳሪስ በሚገኝ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት እናት ልጇን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስትልክ የወር ክፍያ የለባትም። የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ ልጁ ሲታመም መድኃኒት ግን አለባት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነውና ውሳኔው የደብተርን ዋጋ ይነካል። ስለ ምንዛሪ የወሰኑት ባለሙያዎች ስለ ደብተር እያሰቡ አልነበረም። ድኻ ቤት ሲደርስ ግን የባንኩ ፖሊሲና የትምህርቱ ፖሊሲ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቦርሳ ነው። ደመወዟስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ። በ2017 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ያ ወለል እንዲወሰን ገና ይጠይቅ ነበር። ልጇ በነዚህ ዓመታት ከ1ኛ ክፍል 7ኛ ክፍል ደርሷል።

የተመሰገነውን ማመስገን ይገባናል። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም፣ የደንብ ልብስና የደብተር ስጦታ ጀመረ። በዚህ የተጠቀሙት ልጆች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ በረኃብ ራሱን የሚስት ልጅ ያየ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአዳራሻችን ብዙ ጊዜ ከሚነገረው የማስተማር ዘዴ ሁሉ ይልቅ አንድ ሳህን ምሳ ለትምህርት ጥራት የበለጠ ሠርቷል ብንል የፔዳጎጂ መምህሮቻችን ይቅር ይሉናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ዳሩ ግን ምገባው የታሰበው ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ረኃቡ አብሮት ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር ቤት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተያዘው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የክፍለ ከተማችንን መልክ ለወጠው። ጀሞ እርሻ የነበረ አገር ነው፤ ዛሬ ከትላልቆቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱ ነው። ፕሮግራሙ የታሰበው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ነበር። ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ድኻ ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ዕዳ መቋቋም ሲያቅተው ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ራሱ ከከተማው ጠርዝ ርካሽ ክፍል ፈለገ። ቤቱም ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተሠራ። ሰው ገብቶ ልጆች ለአቅመ ትምህርት ሲደርሱ ክፍተቱን የሞላው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ተከራይቶ፣ በጓዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ የሚያስተምረውም ጭምር።

በ2016 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከመሐል ከተማ የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ዳር ተዛወሩ። በቀጠለው ዓመትም ከሳር ቤት እስከ ላፍቶና ፉሪ ያለው መንገድ የሥራው ክፍል ሆነ። መንገዱ ማማሩን፣ እግረኛም መሄጃ ማግኘቱን አንክድም፤ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ከሁሉ በፊት ይጠቀምበታል። የምንጠይቀው ስለ ጊዜውና ስለ ሰውየው ነው። የካቲት የትምህርት ዓመቱ መካከል ነው። ባለይዞታው ምትክ ወይም ካሳ አለው፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ሌላ ቤት ይሰጠዋል። ተከራዩ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ልጁ ከክፍሉ ይወጣል፤ አዲስ ወረዳ ሲደርስ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛው እስኪመጣ ሁለተኛው መንፈቅ ያልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣውን አንድ ሕግ እናንሣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም በመንግሥት እንዲወሰን ያዛል። ስሙ የቤት ሕግ ነው፤ እኛ ግን ከትምህርት ሕጎች ውስጥ እንቆጥረዋለን። ሁለት ዓመት ከአንድ ቤት ያልተነሣ ልጅ ሁለት ዓመት በአንድ መምህር ይታወቃልና። ይህ አዋጅ በተግባር እንዲውል በየወረዳው መከታተል ከአንድ አዲስ የመማሪያ ክፍል አያንስም።

ሦስተኛው ነገር ቋንቋና መጽሐፍ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ባለገንዘቡ ልጁን ከሙአለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የድኻው ልጅ ቋንቋውን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሲያጠና ቆይቶ በኋላ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በዚያው ቋንቋ ይመጣበታል። ስለዚህ የባዮሎጂ ፈተና ብለን የምንጠራው ለአንዱ ልጅ የባዮሎጂ፣ ለሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ መጽሐፉ በብዙ ቦታ ከተማሪው ዘግይቶ ደረሰ። ስልክ ያለው በፒዲኤፍ አነበበ፤ የሌለው ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሆኖ ሲሰጥ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃ መቅረቱ መልካም ነው፤ እውነቱን አወቅነው። ግን እውነቱን ካወቁ በኋላ ማንን ነው የሚጠይቁት? ተማሪው ወደቀ ተብሎ ተጻፈ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ሲገኝ ግን ወደቀ የሚባለው ተማሪ አይደለም። የሴክተር ሪቪው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጁ በ4ኛ ክፍል እንዲቆም በዕቅድ ተጻፈ፤ አሁን ማንም ቁም ሳይለው 12 ዓመት ተምሮ ይቆማል። የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ እንቸገራለን። የቀድሞው ቢያንስ በግልጽ ስለ ተጻፈ ሰው ሊቃወመው ቻለ።

አንዳንድ መምህሮቻችን እንዲህ ይሉናል፤ የግል ትምህርት ቤት የመንግሥትን ሸክም ያቀልላል፤ ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ ባይኖር የመንግሥቱ ክፍል ይጨናነቅ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ላየ ልክ ነው። ነገር ግን የሚናገር፣ የሚጽፍ፣ ቢሮ ገብቶ የሚከራከር ወላጅ ሁሉ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ካወጣ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ጣራ ሲያፈስ የሚጮኸው ማን ነው? በወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የሚገኙት በሥራ ቀን ከፋብሪካ መቅረት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። የትምህርት ቤቱ ጉዳት በክፍያው ላይ ብቻ አይደለም፤ ጠበቃ በማጣቱም ነው። የግል ትምህርት ቤት ይዘጋ አንልም። የትምህርት ጉዳይ የሚወስኑ ባለ ሥልጣኖች ልጆቻቸው የት እንደሚማሩ ቢጠየቁ ግን ነውር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ይጠብቀዋል። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን ክፍል፣ ተመርቆ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይመልሳል። ብዙ ተማሪ ይህን ያማርራል። እኛ አሳቡን ጨርሶ አንነቅፍም። ግብር ከፋዩ የጭቃ ቤት ተከራይ ነውና፣ ዶክተርና ኢንጂነር የሚሆነው ሰው ከሚያገኘው ጥቂት ቢመልስ ፍርድ ነው። የማንቀበለው ዕዳው ለሁሉ በአንድ ሚዛን መሰፈሩን ነው፤ ከውስጣችን ወላጁ የሚከፍልለትና ከመጀመሪያ ደመወዙ እናቱን የሚጦረው ሁለቱም አንድ ዓይነት ውል ፈርመዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስለ አብዮት አንናገርም፤ ታላላቆቻችን ሞክረውት ዋጋውን ከፍለዋል። ከዚህ ስብሰባ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን ለሬጅስትራር በጽሑፍ አመልክቶ፣ በየዓመቱ ከሚገቡት ተማሪዎች ስንቱ ከመንግሥት፣ ስንቱ ከግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከየትኛውስ ወረዳና ክልል እንደ መጡ ስም ሳይጠቀስ በቁጥር እንዲታተምልን። በዚህ ጋዜጣ ላይ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ክርክራችን ሁሉ በስሜት ነው እያሉ ለሚወቅሱን መምህራንም መልስ ይሆናል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በክፍለ ከተማችን ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብና በእንግሊዝኛ የሚረዱ 20 ሰዎች እንፈልጋለን። ይህ የመንግሥትን ሥራ መተካት እንዳልሆነ ይታወቅ፤ 20 ተማሪ የአንድን ክፍለ ከተማ ጉድለት አይሞላም። ነገር ግን ለመንግሥት የምንጽፈው አቤቱታ ከክፍሉ ውስጥ ባየነው ነገር ላይ ቢቆም ይሻላል፤ የትኛው ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንደሌለው፣ የትኛው ቤተ ሙከራ እንደ ተቆለፈ፣ ማን ቅዳሜ እንደሚሠራና ስለዚህ እንደማይመጣ ቆጥረን እንጽፋለን። መምህሮቻችንም ያረጁ የፈተና ወረቀቶቻቸውንና የማይፈልጓቸውን መጻሕፍት ቢሰጡን እንቀበላለን፤ ያስተማሩባቸውን ኖቶች ግን አንፈልግም፣ እነርሱን እኛም ማንበብ አልቻልንምና።

ፈቃደኛ የሆኑ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። በሳሪስ፣ በጎፋና በጀሞ የሚኖሩ ይቀደማሉ፤ የታክሲ ሒሳብ የሚከፍልልን የለም።